ዓርብ ዓርብ የሚቆራረጠው መስመር

ታናሽ እህቴ የታጨችው በኮምፒውተር ነው። እሷ ድሬዳዋ፣ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ጓሮ ቆማ፤ ሽማግሌዎቹ ደሴ፣ ሆጤ፣ አባታችን ቤት ተቀምጠው። እኔ በዚያ ሰዓት ኮምቦልቻ ከፋብሪካ ወጥቼ ሚኒባስ እየጠበቅኩ ነበር። ዳገቱን ጨርሰን የደሴ ብርድ ሲቀበለኝ ሹራቤን ደርቤ እቤት ስገባ እንግዶቹ ሄደዋል። እናቴ ሰሃን ታጥባለች። አባቴ ከወትሮው ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

"ፋቲሃው ተቀርቷል" አለችኝ እናቴ። "እንኳን ደስ ያላችሁ በይ እንጂ!"

"እሷ ምን አለች?"

"ዝም አለች አሉ።"

እኛ ዘንድ ልጅት በሽማግሌ ፊት ተጠይቃ ዝም ካለች ወደደች ማለት ነው። "እሺ" ብላ እንድትጮህ የሚጠብቅ የለም፤ ሐያእ፣ እፍረት ይዟት ነው ይባላል። ፋቲሃ ከተቀራ ደግሞ ቃል ታሰረ። እኔም በጊዜዬ የተዳርኩት በዝምታ ነው፤ የእኔው ግን እውነተኛ ዝምታ ነበር፣ ማንንም አልወቅስበትም። የእህቴን ዝምታ ግን አላመንኩትም፤ ምክንያቱም ያንን ኮምፒውተር አውቀዋለሁ። ሰው እያወራ ሳለ ምስሉን ቀጥ አድርጎ፣ አፍ እንደተከፈተ፣ ዓይን እንደተከደነ ያስቀራል።

ወደ ግቢው ወጥቼ ደወልኩላት። እያለቀሰች ነው ያነሳችው።

"ዝም አላልኩም፣ ወላሂ! አባባ ጠየቁኝ። 'ልጁን አላውቀውም፣ አልፈለግኩም' እያልኩ ሳለ እናንተ ቀጥ አላችሁ። ሃሎ ሃሎ ብዬ ደከመኝ። ምስሉ ሲመለስ ሁሉም እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጋሉ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔም አሚን አልኩ።"

እዚህ ላይ ስለ አባቴ ጆሮ መናገር አለብኝ። አባቴ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ኮምቦልቻ፣ ፋብሪካ ውስጥ፣ ሽመና ክፍል ነው። እዚያ ማሽኑ ሲነሳ ሰው ሰውን አይሰማም፤ ሠራተኞቹ የሚነጋገሩት ከንፈር ለከንፈር እየተያዩ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸው እዚያው ቀረ፤ ከንፈር ማንበቡ ግን አብሯቸው እቤት ገባ። ፊት ለፊታቸው ቆመሽ ካወራሽ አንዲት ቃል አያመልጣቸውም። ዞር ካልሽ ግን ለግድግዳ ነው የምታወሪው። እህቴ ድሬዳዋ ሥራ ከያዘች ወዲህ የስልክ ድምፅ ለእሳቸው ዋጋ የለውም፤ የስልክ ምስል ደግሞ ለዓይናቸው አነሰ። አንድ ኢንተርኔት ቤት ሲዘጋ ዕቃውን ሲሸጥ ያን ትልቅ ኮምፒውተር ገዝቼ ክፍላቸው ያስቀመጥኩት ለዚህ ነው። የልጃቸውን ከንፈር የሚያዩበት ቦታ ሌላ የለም።

ፊታቸው ተቀምጬ፣ ቃል በቃል፣ እህቴ ያለችውን ነገርኳቸው።

"በዓይኔ አይቻለሁ" አሉ። "አቀርቅራ ዝም አለች። ኋላም አሚን አለች።"

"መስመሩ ተቆርጦ ነው አባባ።"

"አንቺ ከባልሽ ከተለያየሽ ወዲህ ወንድ ሁሉ ባላጋራሽ ሆኗል። የእሷን ቃል ከእሷ አፍ አያለሁ እንጂ ካንቺ አልቀበልም።"

አመመኝ። አሁንም ሳስበው ያመኛል። ከባሌ ከተለየሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ አባቴ አንድም ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ለካ ሲያስቀምጡት ነው የኖሩት። ግን ተነስቼ አልሄድኩም። "እንግዲያው ከአፏ ይዩት" አልኳቸው። "አሁኑኑ ልደውልላት፣ ደግመው ይጠይቋት።"

እጃቸውን አወዛወዙ። "በሽማግሌ ፊት የተቀራ ፋቲሃ በጓዳ አይፈርስም። አባትና ልጅ ተመካክረው ቃል በሉ ይሉናል። የኒካሑን ቀን ሊቆርጡ የሚመጣው ዓርብ ይመለሳሉ። እነሱ ባሉበት ደግሜ እጠይቃታለሁ። ያን ጊዜም ዝም ካለች ግን አለቀ።"

ከዚህ በላይ ልገፋቸው አልቻልኩም። እህቴ ራሷ ልትመጣ ከሥራዋ ፈቃድ ጠይቃ ከለከሏት፤ መንገዱም በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ያለኝ አንድ ሳምንት ነው። በሳምንት ውስጥ ያ መስመር ጸንቶ እንዲቆም ማድረግ አለብኝ፤ ካልሆነ እህቴ በኔትወርክ ብልሽት ትዳራለች። ይሄን ለራሴ እንዲህ ብዬ ስነግረው ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እልህ ያዘኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግኩት ለመስመር አቅራቢው መደወል ነበር። "አጥፍተሽ አብሪው" አሉኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። "እስኪ ደግሞ ትንሽ ቆይተሽ አጥፍተሽ አብሪው።" አጥፍቼ ማብራት ቢያድነው ኖሮ እኛ ሰፈር መብራት በሚሄድ በሚመጣበት ብዛት እስካሁን ከአገሩ ሁሉ ጤነኛ መስመር የእኛ በሆነ ነበር።

እኔ የምሠራው ፋብሪካ ጥገና ክፍል ነው። የብልሽት መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ማሽን ሲቆም መፍቻ ከመነሳቱ በፊት ይጻፋል፦ ስንት ሰዓት፣ ምን ቆመ፣ ምን ተደረገ፣ በፈረቃው ማን ነበረ። ከጎረቤት ሱቅ ደብተር ገዝቼ እንደዚያው አራት መስመር አሰመርኩ። እቤት ውስጥ ፈረቃ የለም፤ አራተኛውን መስመር ያሰመርኩት እጄ ለምዶት ነው። "ቤት የነበረ" ብዬ ጻፍኩበት።

ኮምፒውተሩን ሳሎን ካለው ራውተር ጋር በገመድ ማገናኘት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ነገር ግን የገመዱን መሰኪያ ያለፈው ክረምት መብረቅ በልቶታል። የቀረን በአየር ነው። የአየሩን የምትቀበለው ጥፍር የምታክል ዕቃ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተሰክታ፣ በብረት ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ተቀብራለች። በዚያው ቅዳሜ ሰኞ ገበያ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ፣ በሰው ትከሻ መካከል እየተሹለከለክሁ፣ ሁለት ክንድ የምትሆን ማራዘሚያ ገዛሁ። ዕቃዋን ከጀርባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አቆምኳት። ምልክቱ ከሁለት መስመር ወደ አራት ዘለለ። እሑድ ጠዋት ከእህቴ ጋር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራን፤ አንዴም አልተቆረጠም።

ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። አክስቴና ባሏ እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉ መጡ፤ አባቴ ልጃቸውን ሊያሳዩዋቸው ከፈቱት። ምስሉ ቀጥ አለ። ጻፍኩት።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ ኮምፒውተሩ መብራት ለመቆጠብ ብሎ መቀበያዋን በየመሃሉ እንደሚያስተኛት አገኘሁ። እንዳያስተኛት አደረግኩ። ያን ምሽት ደህና ሆነ። ማክሰኞ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ዋይፋይ ሁሉ ከእኛ ጋር በአንድ ቻናል ሲጋፋ አየሁና የእኛን ባዶ ወደሆነው አዞርኩት። አሁንም ደህና ሆነ። እያንዳንዱን ስጠግን "ያዝኩህ" እላለሁ። ረቡዕ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ እያለሁ እናቴ ደወለች።

"አባትሽ ልጃቸውን ከፍተው ነበር፣ ደርቃ ቀረች።"

"እቤት ማን አለ?"

"የሰፈር ሴቶች ናቸው፣ ሊጠይቁን መጥተው። ምነው?"

"ለመዝገቡ ነው" አልኳትና በእጄ ላይ ጻፍኩት፤ ማታ ወደ ደብተሩ ገለበጥኩት።

ሐሙስ ከሥራ ግማሽ ቀን ወስጄ የመቀበያዋን ፕሮግራም አዲሱን በፍላሽ አምጥቼ ጫንኩ። ከዚያ እህቴን ከፈትኳትና ሁለታችንም በየሥራችን ዋልን። እሷ ልብስ ታጥፋለች፣ እኔ ምስር እለቅማለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ቆየን። እንዲች ብሎ አልተቆረጠም።

"በቃ ዳነ?" አለችኝ።

"ዳነ። አብሽሪ።"

"ባይድንስ?"

"ነገ ሲጠይቁሽ ቀና በይ" አልኳት። "እንዳታቀረቅሪ። ከንፈርሽ ይታያቸው።"

ዓርብ ከጁሙዓ በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። ትልቁ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር ሰው ናቸው፤ ያባቴ የሥራ ጓደኛ የነበሩ፣ ንግግራቸው ለስላሳ። እኔ ከፈረቃ ቀርቼ ጠዋቱን ሙሉ ከኮምፒውተሩ አልተለየሁም ነበር። ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው እንኳ ስሞክረው ይሠራል። ሳሎን በልተው፣ መርቀው፣ ወደ አባቴ ክፍል ገቡና አልጋው ጠርዝና ወንበር ላይ ተቀመጡ። እህቴ ብቅ አለች። ሻሿን አስተካክላ አስራለች። ሰላምታ ተሰጠ፤ መርሐባ፣ መርሐባ ተባለ። አባቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ እነዚህ አባቶችሽ ባሉበት ደግሜ—"

እህቴ ቀጥ አለች።

አፏ ገና ሊከፈት ሲል፣ ዓይኗ ዝቅ እንዳለ። አባቴ ግን አላወቁም፤ ጥያቄያቸውን ጨርሰው ከንፈሯን ይጠብቃሉ። ጠበቁ። ሽማግሌዎቹም ጠበቁ።

"ያው ናት" አሉ አንደኛው ፈገግ ብለው። "የሸጋ ልጅ ወጉ ይኸው ነው። በሉ ቀኑን—"

"ዝም አላለችም!" አልኩ። ለሴት ልጅ፣ ለዚያውም በሽማግሌ መካከል፣ ከሚገባው በላይ ጮኼ ነው። "መስመሩ ነው! በአላህ ይሁንባችሁ፣ አምስት ደቂቃ ስጡኝ።"

ትልቁ ሽማግሌ ጠብቁ ለማለት እጃቸውን አነሱ። ደብተሬን ገለጥኩ። ሰዓቱን አየሁ፣ የተለያየ ነው። ያደረግኩትን አየሁ፣ ሁሉም ትክክል ነው። ከዚያ ለልማድ ብቻ ያሰመርኳት አራተኛ መስመር ላይ ዓይኔ አረፈ። እሑድ፦ አክስቴና ባሏ። ረቡዕ፦ የሰፈር ሴቶች። ያለፈው ዓርብም ሽማግሌዎቹ፣ ዛሬም ሽማግሌዎቹ። እንግዳ በሌለበት ሰዓት ግን ሳምንቱን ሙሉ አንዴም አልተቆረጠም።

"ስልካችሁን አጥፉልኝ" አልኳቸው። የእንግዶቹ ስልክ መስመሩን የሚሻማ መስሎኝ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ከኪሳቸው ባለ ቁልፏን ስልክ አውጥተው አገላበጧት። "ይቺም ኢንተርኔት ትበላለች? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።" ሌሎቹም እንደዚያው የያዙት ባለ ቁልፍ ነው። አፈርኩ። ግን ሐሳቤን አልጣልኩትም። እንግዳ ሲመጣ እኛ ቤት ምን ይለወጣል? ብዬ ራሴን ጠየቅኩና ወደ ሳሎን ሮጥኩ።

ሳሎኑ የእንግዳ ልብሱን ለብሷል። የሶፋው ጨርቅ አዲስ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ። ሳምንቱን ሙሉ ራውተሩ የሚቀመጥበት ቡፌ ላይ ግን ራውተር የለም። በምትኩ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡት ሁለቱ ሰፋፊ የብረት ትሪዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ በላያቸው ነጭ ዳንቴል ወርዶባቸዋል። እናቴ ማጀት በር ላይ ቆማ ታየኛለች።

"እማ፣ ዋይፋዩስ?"

"እዚያው ነው፣ ከትሪው ኋላ።"

"እዚያ ምን ይሠራል?"

"ምን ማለትሽ ነው? እንግዳ ሲመጣ ሁልጊዜ እጋርደዋለሁ። ገመዱ እንደ አንጀት ተዘርግፎ ሰው ይየው? ሲሄዱ እመልሰዋለሁ።"

እኔ ከሥራ ስገባ እንግዶቹ ሄደዋል፣ ራውተሩም ቦታው ተመልሷል፤ እሑድና ዛሬ ደግሞ ከአባቴ ክፍል አልወጣሁም። ምልክቱ ድሮም የአባቴን ክፍል ወፍራም ግድግዳ የሚያልፈው እየዳኸ ነው፤ ሁለት ብረት ትሪ ፊቱ ሲቆምበት የት ያልፋል? እናቴን ልቆጣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የተናደድኩት በራሴ ነው። ጥገና የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ማሽኑ ላይ የሚውለውን ሰው ነው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ዕቃውን ስፈታ ስገጥም፣ እቤት የምትውለውን እናቴን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

ትሪዎቹን ሳነሳ አንዱ አምልጦኝ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፤ ጩኸቱ እስከ ጎረቤት ተሰማ። ራውተሩን ከነገመዱ ያዝኩና የሚደርስልኝን ያህል ጎትቼ ወደ አባቴ ክፍል በር አመጣሁት። ገመዱ በሩ ላይ አለቀ። የማስቀምጥበት ነገር የለም። በሁለት እጄ ከራሴ በላይ አንስቼ በሩ መካከል ቆምኩ። ሽማግሌዎቹ ዞረው አዩኝ።

"ምንድን ነው የያዝሽው?" አሉኝ አንደኛው።

"መስመሩን" አልኳቸው።

ከቆምኩበት ስክሪኑ አይታየኝም፤ የሚታየኝ የአባቴ ፊት ነው። አባቴ ከንፈር ሲያነቡ የራሳቸው ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከሽመና ክፍል የመጣ ልማድ ነው። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ምስሉ መመለሱን አወቅኩ። የእህቴም ድምፅ "አባባ፣ ይታይዎታል?" ሲል ከድምፅ ማጉያው ተሰማ።

"ይታየኛል" አሉ። "ልጄ፣ በአባቶችሽ ፊት እጠይቅሻለሁ። ይህን ልጅ ወደሽዋል ወይ?"

"አልወደድኩም አባባ። አላውቀውም፣ አልፈለግኩም። ባለፈውም ብያለሁ።"

የአባቴ ከንፈር ያለ ድምፅ ተከተላት። አልወደድኩም። አልፈለግኩም። ባለፈውም ብያለሁ የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

"ባለፈው ዓርብ?"

"አዎ አባባ።"

"ታዲያ አሚን ያልሽውስ?"

"ዱአ ሲደረግ አሚን አይባልም እንዴ?"

ማንም አልሳቀም። አባቴ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "ሰምታችኋል" አሉ።

ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ሰምተናል። ካልወደደች ኒካሕ የለም፤ ወንጀሉ በእኛ ነው የሚሆነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛም ቸኩለናል። ለልጁ ወገን እኛው እንነግራለን፣ አንተ አትቸገር።"

እህቴ ስታለቅስ ይሰማኛል። አባቴ "አይዞሽ፣ ሸጋዬ፣ በቃ፣ በቃ" እያሏት ነው። እጄ ዝሏል፤ ዝቅ ካደረግኩት ግን ይቆረጥ ይሆናል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ያን ጊዜ አባቴ ከስክሪኑ ዞረው እኔን አዩኝ። ከእግር እስከ ራሴ፣ እስከያዝኩት ሳጥን ድረስ።

"አንቺ ነግረሽኝ ነበር" አሉ። የማይሰማ ሰው ሲናገር ድምፁን አይመጥንም፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። "ነግረሽኝ ነበር፣ እኔ ግን በክፉ ቃል መለስኩሽ። አውፍ በይኝ፣ ልጄ።"

አባቴ እኔን ይቅርታ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ በሦስት ሽማግሌ ፊት ይቅርና በጓዳም። እንባዬ ወረደ፤ ሁለት እጄ ሳጥኑን ይዟል፣ መጥረግ አልቻልኩም።

"አውፍ ብያለሁ አባባ" አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ወደ በሩ ጠጋ ብለው ፊቴን አተኩረው አዩ። "አላየሁትም" አሉኝ። "ደግመሽ በይልኝ።"

ራሴን ቀና አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ቃል በቃል ደገምኩላቸው።